ተራራው በሐጂ ሰይድ ሱቅ

አባዬ፣ ቢቸና ላይ አፈር ከለበሱ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነዎት። እኔ ያኔ ሶቭየት ኅብረት ትምህርት ላይ ነበርኩና መርዶው በደብዳቤ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልዎት ፈርቼ ነው። የሞተ ሰው ይፈራል ወይ ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ፈርቼዎት ነበር።

እማዬ ደህና ናት። የቤቱ ሣር ተነሥቶ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመጣ ያደነቁራል እያለች ታማርራለች፣ ሲያባራ ደግሞ ጎረቤት ጠርታ ታሳያለች። የቅኔ ተማሪዎችዎ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄደዋል። እኔን መንግሥት ሞጣ መድቦኝ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

ያን ክረምት ለዕረፍት መጥቼ የሠራሁትን መቼም አይረሱትም። ተማሪዎችዎን ሰብስበው፣ እንደ ነዶ ክምር ሁሉ ድንጋይም ቀድሞ የተጣለው ከሥር፣ ኋላ የመጣው ከላይ ነው እያሉ ሲያስረዱ፣ እኔ ከጓዳ ብቅ ብዬ «ሁልጊዜ አይደለም» አልኩ። ካውካሰስ ተራራ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምድር ከጎን ስትገፋው ከጥልቅ ያለው አለት ሙቀትና ክብደት በዝቶበት ሳይሰበር ቀስ እያለ ይታጠፋል፣ ከላይ ያለው ይሰነጠቅና አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል፣ አሮጌው አዲሱ ላይ ይወጣል አልኩ። የቅኔ መምህርን በተማሪዎቹ ፊት ማረም! አንዱ ተማሪ ሳቀ። እርስዎ መቋሚያዎን አንሥተው ወጡ። በማግስቱ ጉልበትዎን ልስም ስጎነበስ ፊትዎን አዞሩብኝ፤ ሳልመረቅ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከዚያ በኋላ ብታመምም፣ ፈተና ቢከብደኝም፣ አባቷ ያልመረቃት ልጅ ምን ይቀናታል እል ነበር።

ባለፈው የገበያ ቀን ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ልገዛ ወዳጅዎ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው «አቡጀዲዬን ሲያተራምሱብኝ የኖሩት የመሪጌታ ልጅ ነሽ?» ብለው ሳቁ። እርስዎ ለካ ሞጣ በመጡ ቁጥር ነጩን አቡጀዲ ከታች፣ ጥቁሩን ጨርቅ ከላይ አንጥፈው በሁለት እጅዎ ከጎን ይገፉ ኖሯል። መጀመሪያ ይጨማደዳል፤ ገፋ ሲያደርጉት እጥፋቱ ይተኛና ነጩ ጥቁሩ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ገበያተኛውን ጠርተው «እዩ፣ ልጄ ያለችው ይኸን ነው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ሐጂ ጨርቁን መልሶ ማጠፍ ቢሰለቻቸው፣ ተራራዎን ቢቸና ይሥሩት ብለው ተቆጥተውዎት ያውቃሉ።

እኔ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እፎይ አልኩ፣ አባዬ። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ላይ ወረደ።

ለምን እንዳልጻፉልኝም ሐጂ ነገሩኝ። በሰው ፊት ያስቀየምኳትን ልጅ በወረቀት አልታረቅም፣ ስትመጣ በሰው ፊት እክሳታለሁ ብለው ሲጠብቁኝ ሕመሙ ቀደመዎት። ለመጨረሻ ጊዜ ከዚያ ሱቅ ሲወጡ ግን እጅዎን ዘርግተው «ከእኔ የበለጠች ያድርጋት፤ የረገጠችው ይለምልም፣ ያስተማረችው ይብራ» ብለው መረቁኝ። ምርቃት ተቀባይ ይፈልጋልና በእኔ ፈንታ ሐጂ «አሚን» አሉ።

እሑድ ቢቸና ሄጄ መቃብርዎን ሳምኩ። እስከዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ዞሬ ነበር የማልፈው።

አልረሳዎትም። ተማሪ በሰው ፊት ባረመኝ ቀን ሁሉ በልቤ ስምዎን እጠራለሁ፤ ቶሎም እታረቀዋለሁ። የሐጂን ውለታ እግዜር ይክፈላቸው፤ የእኔን ድርሻ ግን በራሴ አፍ ልበለው።

አሜን፣ አባዬ። አሜን።