የከፋዩ ቀሚስና የመቃው ስም

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣ ለጠበቃዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ ያን ሁሉ ንባብ እንዴት ቻለው? እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይስ እንደ እናትሽ መብራት ጠባቂ ሆነሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? የክፍልሽ ጣሪያስ ማፍሰሱን ተወ? እኛ ደህና ነን። እኔ በተለይ ከጉልበቴ፣ ከዓይኔና ከጎረቤቴ በቀር ምንም አላስቸገረኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አያትሽ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከዚያ የዘለለችው ነገር ይኖራል ብዬ መነጽሬን ፈልጌ ራሴ ደገምኩት። ምንም አልዘለለችም። ለእኔ «አባባ፣ እንደምን አለህ» ብለሽ አለፍሽ። በረንዳ ለምጋራው ለዚያ ቀጭን ልብስ ሰፊ፣ ለመቃው ግን ወገቡን ጠየቅሽ፣ እንቅልፉን ጠየቅሽ፣ በልጅነትሽ ከቁርጥራጭ የሰፋልሽን የአሻንጉሊት ቀሚስ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ አልሽ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምሽን በየዓመቱ የሰፋልሽ ማን ነበር? ይሁን። ዩኒፎርም የሚናፍቅ ሰው የለም።

ከዚያ ደግሞ ስለምትማሪው ሕግ ጻፍሽልኝ። ሰው በተናገረው አይከሰስ፣ ስም ማጥፋትም ቢሆን ቃልን ቃል ይመልሰው አልሽ። እኔም በጣም ወደድኩት። የወደድኩት ግን ስለ ነጻነት ተጨንቄ እንዳይመስልሽ። ደብዳቤሽ ሲደርስ የመቃው ስም እየጠፋ፣ የእኔ ደንበኛ እየበዛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበረንዳችን ማዶ ያለችው ባለዳቦ ቤት ለእህቷ ልጅ ሰርግ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ገዝታ ቀሚስ እንዲሰፋላት ለመቃው ሰጠችው። መቃው የተረፈውን ቁራጭ ሁሉ በክር አስሮ፣ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ይመልሳል። ደንበኞች የሚወዱት በዚህ ነው። እኔ የማልወደውም በዚህ ነው፤ «የእኔን ቁራጭ የት አደረስከው» እያሉ ይጠይቁኛላ። ሴትዮዋ የቀሚሱን ኪስ ስትከፍት እንቁላል የምታህል እስር ብቻ አገኘች። ይሄን ሁሉ ጨርቅ ሰጥቼ የተረፈችኝ ይቺ ናት ብላ በረንዳው ላይ ጮኸች። ዳቦ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ስትነግር ከረመች። እሱም አልበቃት ብሎ ካርቶን ላይ በወፍራም ቀለም «ማዶ ያለው ቀጭኑ ልብስ ሰፊ ሌባ ነው፣ ጨርቃችሁን አትስጡት» ብላ ጻፈችና መስታወቷ ላይ ለጠፈችው። ዳቦ የማይገዛ ማን አለ? ወሬው ከትኩስ ዳቦ ጋር በየቤቱ ገባ።

መቃው እንዳልሰረቀ አውቅ ነበር። የመቁረጫ ጠረጴዛችን አንድ ነው፤ ጨርቁን ሲዘረጋም ሲቆርጥም ቆሜ አይቻለሁ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ልከሳት ነው፣ መስክርልኝ ብሎ መጣ። እኔ ደብዳቤሽን እንደ ጋሻ አነሳሁ። የልጅ ልጄ፣ ያቺ አንተን አብዝታ የምትወደው፣ ሰው በአፉ አይከሰስም ብላለች አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። አንገት መድፋቱ ራሱ አናደደኝ። ሰው ስሙ ሲጠፋ እንኳ እንዴት ያምርበታል? አላፊ አግዳሚው ምስኪን ይለዋል። አያትሽ ሾርባ ላከችለት፤ እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ሙቅ ውሃ ጠጣ ነው የምትለኝ። ምቀኛ አታሳጣኝ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ፤ ለመቃው ጸሎቱ ተሰምቶለት እኔን ሰጠው።

በኋላ ደንበኛው አልቆ የስፌት መኪናውን አልብሶ መጣ። ትልቁን መቀሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ዓይንህ ሁልጊዜ እዚህ መቀስ ላይ ነበር፣ ውሰደው፣ እኔ በረንዳውን ልለቅ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያን መቀስ ስመኘው ነው ያረጀሁት። እሱ ሲወጣ ጨርቅ ላይ ሞከርኩት። አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። ለካስ የግራኝ መቀስ ነው። መቃው ግራኝ መሆኑን ድሮም አውቃለሁ፤ መቀሱም ግራኝ መሆኑን ግን ቅናት አላሳየኝም።

በማግስቱ ባለዳቦ ቤቷ ያንኑ ቀሚስ ወገቡን ያላሉልኝ ብላ ለእኔ አመጣችው። ለእርስዎስ አልሰጋም አባባ፣ ለመስረቅም ዓይን ያስፈልጋል ብላ ሳቀች። አየሽ፣ መቃው ሌባ ለመባል በቅቷል፤ እኔ ለሐሜት እንኳ አልበቃሁም። ደሜ ፈላ። ቀሚሱን ይዤ፣ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈውን ሕዝብ አልፌ ባንኮኒዋ ላይ ዘረጋሁት።

ዳብሱት አልኳቸው። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ወደ ታች ሲዳብሱት ይፈካል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይጠቁራል። ሁሉም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ካልተቆረጠ ቀሚሱ ሁለት ቀለም ይሆናል፤ ስለዚህ ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ብዙ ይፈጃል፣ የሚተርፈውም ጥቂት ነው አልኩ። ሁሉም ተራ በተራ ዳበሰ። እሷ አሁንም አፏን ስታጣምም፣ አንቺስ ሊጥሽ ምድጃ ሲገባና ሲወጣ ሚዛኑ እኩል ነው ወይ አልኳት። ይቀንሳል አለች። የጎደለውን ማን ሰረቀው ስላት ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ቀላች፤ ከዚያ ማንም ሳያዛት ካርቶኑን በራሷ እጅ ላጠችው።

መቃው ክሱን ትቶታል። መቀሱንም መልሼለታለሁ። አሁን የእሱ በኩል ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እኔ የሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ነው። ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካብኝ፤ እሱን ማማት የእኔ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ጠበቃዬ፣ ቃልን ቃል ይመልሰው ያልሽው እኛ ዘንድ ሠርቷል። ግን እንዴት እንደሠራ እይው። መልሱን የያዘው የሚቀናበት ጎረቤቱ ነበር፤ ያቺ ሴት ዓይኔን ባትሰድበው ኖሮ እስካሁን ዝም ባልኩ ነበር። ደግሞም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐሜቱ ዳቦ ይዞ በየቤቱ ገብቷል፤ የእኔን ቃል የሰሙት የዚያን ቀን የተሰለፉት ብቻ ናቸው። ዛሬም መቃውን ሲያዩ ጨርቃቸውን ብብታቸው ሥር የሚወሽቁ አሉ። ስለዚህ እስሩን ተዪው፣ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ፤ ዳቦ ጋጋሪ ታስሮ ማን ይጠቀማል? ግን የተበደለው ሰው የሚያንኳኳው አንድ በር ይኑረው። ዳኛው በዚያው መስታወት፣ በዚያው ወፍራም ቀለም፣ ውሸቱ የተለጠፈበትን ያህል ጊዜ እውነቱን ለጥፊ ይበላት። ይህን ለአስተማሪሽ ንገሪና መልሱን ጻፊልኝ። መቃው ነው ያሰበው እንዳትዪ ብቻ።

እናትሽን ትከሻሽን አትጫኚው በያት። አባትሽን ያ የላክሁለት ኮት ቦርጩን ቻለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። ታናሽ ወንድምሽን ጆሮውን በእኔ ፈንታ ቆንጥጪው፣ ከዚያ ሳሚው። አያትሽ ሁላችሁንም ጉንጫችሁን ስማለች፤ ሾርባውን ግን አሁንም ወደዚያው ነው የምትልከው።

ለመቃውም ሰላምታሽን አድርሻለሁ፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ እንጂ። ስለ አሻንጉሊቷ ቀሚስ ያልሽውን ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ። ቁራጩንም እንደ እሱ ልማድ አስሬ ይኸው መለስኩልሽ፤ ከፈለግሽ አንቺው ጻፊለት። ስትጽፊለት ግን ለእኔ አንድ መስመር አስረዝሚልኝ።

አባባ

ከበረንዳው፣ ከመቃው ወዲህ ካለው የስፌት መኪና አጠገብ፤
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የወሩ መባቻ