በቃሉ የያዘው ሰሌዳ

ጥር 6

ዓይን ክሊኒክ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። በዱላ ሰሌዳ መጠቆም ነው ሥራዬ። ሰሌዳው ላይ ማበጠሪያ የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ጥርሳቸው ወዴት እንደዞረ በሽተኛው በእጁ ያሳያል። ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ጨርቄን ማቄን ሳልል ወጥቼ ያገኘሁት ሙያ ይኸው።

ታላቅ እህቴ ጓዳዋን ስለሰጠችኝ በቀን ሦስቴ "ተመስገን በይ" ትለኛለች። እሷን ነው እግዜርን የማመሰግነው?

ጥር 9

ቦክሰኛ መጣ። አፍንጫው የተጣመመ፣ ግራ ዓይኑ የቀላ፣ ልቡ ያበጠ። "ነርስ፣ ቶሎ በይ፣ ልምምድ አለኝ።" ነርስ አይደለሁም አልኩት። "ታዲያ ምንድን ነሽ?" ... እኔስ መች አወቅኩት።

ዶክተሩ ቁርጡን ነገረው። ሳይድን ሌላ ቡጢ ካረፈበት ዓይኑ ይጠፋል። ከታች ሁለተኛውን መስመር ካላየ ለግጥሚያ አይፈርምለትም።

ጥር 23

ጠብታ ሊደረግለት በየሦስት ቀኑ ይመጣል። ተራው ካለፈም በኋላ ቁጭ ይላል። እኔን ነው የሚያየው ብዬ... ዛሬ ቤት ድረስ ሸኘኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ራሱ አወራ። ሞተር ሳይክል በግራው ሲመጣ አላየውም፤ ጎትቼ አተረፍኩት። "አይቼዋለሁ" አለኝ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ውሸታም።

እህቴ በመስኮት አየችን። "ከአንዱ ሳትገላገይ ሌላ? ለዚያውም ተደባዳቢ?"

ይሄኛው የሚደባደበው ከእኩያው ጋር ነው አልኳት። መስኮቱን ዘጋችው።

የካቲት 2

ወደድኩት። ጉድ ነው። ቆንጆ እንኳ አይደለም።

የካቲት 11

ሰሌዳውን ሸምድዶታል። ለካ ያን ሁሉ ቀን የሚያየው እኔን አልነበረም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ራሱ ነገረኝ፤ ጉረኛ ምስጢር አይችልም። ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን በቡጢ እየነካካ፣ "ግራ፣ ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች።" የቡጢ ቅደም ተከተል የሚያጠናውም እንዲህ ነው አሉ።

"አታጋልጪኝም። የእኔ ነሽ።"

የእኔ ነሽ... ያኛውም እንዲሁ ይል ነበር።

ዝም ካልኩ ይታወራል። ከተናገርኩ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ምን አተረፍኩ?

የካቲት 14

ለፊርማው የሚመረመርበት ቀን ነበር፤ ጠዋት ከመጋዘን ሌላ ሰሌዳ አውጥቼ ሰቀልኩ። ገባ፣ ጠቀሰኝ፣ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። ዱላዬን መስመሩ ላይ ሳሳርፍ እጁን ይወነጭፈው ጀመር። ግራ፣ ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች። አንዱም አልገጠመ። እሱ ግን ያለፈ መስሎት ዞሮ ፈገግ አለልኝ። ጅል። አንጀቴን በላው።

ዶክተሩ ዘንድሮ ግጥሚያ የለም አለው። ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

"አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

እጁን ለቡጢ ጨበጠ። ሳላስበው ፊቴን በክንዴ ከለልኩ። የድሮ ልማድ... ቀና ስል እጁን ኪሱ ከትቶታል።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?" አለኝ ቀስ ብሎ። መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

የካቲት 29

የለም። እህቴ "አላልኩሽም?" አለች። ደስ ብሏታል።

መጋቢት 12

ዛሬ መጣ። ሳያገላምጥ ተራ ጠብቆ ገባ። ዱላዬን አሳረፍኩ።

"አይታየኝም።"

አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣሁ።

"ይሄም አይታየኝም።" ከተዋወቅን የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። "አሁንስ... ትወጂኛለሽ?"

"ዓይንህን እወደዋለሁ። ያንተን ነገር ገና አልወሰንኩም።"

ቅዳሜ ከእህቴ ጓዳ እወጣለሁ። የራሴ ክፍል አግኝቻለሁ። መጥቶ ዕቃ ይሸከም፣ ክንዱ አልታመመ። ቁልፉ ግን አንድ ነው፤ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው።