ያቺ አንዷ ድምፅ

ከካራንግላሙክ መንደር
ሐሙስ፣ የክሊዎን ዐርብ ዋዜማ፤ ምርጫው ካለፈ በአራተኛው ሳምንት

ለላስሚ አባት፣ ለታርሙጂ

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ ከፈጣሪ የታዘዘ ስለሆነ ነው የምሰጥህ፤ ለእኔ ቢተው ኖሮ ገና ነበር። ለጤናህ እንዴት ነህ? ያ ሳልህ ተሻለህ ወይስ እህትህ ባዶ ወለል ላይ እያስተኛች አባሰችብህ? እኔን አትጠይቀኝ። ያ ጣቴን የነከሩበት የምርጫ ቀለም እንኳን ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም። በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት፣ እምቢ አለ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ስልክህን ብትዘጋ ደብዳቤ አይዘጋም ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ዓሣ ጫኙ ሶቢሪን ነገ ወደ ሬምባንግ ስለሚወርድ እጅህ ላይ ያስቀምጥልኛል። እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ተናደህ ብትቀደው የሚቀርብህ ዋናው ነገር ነው።

የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፣ እዚያው ነበርክ። ቢሆንም እኔ ከሥሩ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። የምርጫው ዕለት ጠዋት በላስሚ መቃብር ራስጌ ቆመን ምን ተባባልን? «ሁለታችንም ቁጥር ሦስትን» አልተባባልንም? ያ ሰውዬ ቆንጆ ስለሆነ አይደለም፤ ዐይኑንም በመነጽር ሸፍኖታል። አሸዋ የምትመጠውን መርከብ አስቆማለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ቁጥር ሁለት ግን «አሸዋው የአገር ሀብት ነው» አለ። እንዴት አባቱ! የአገር ሀብት ከሆነ ለምን ተጭኖ ወደ ሰው አገር ይሄዳል? መርከቧ የባሕሩን ሆድ ባዶ ባስቀረች ቁጥር ባሕሩ የጎደለውን ከእኛ ዳርቻ እየዛቀ ይሞላል። መጀመሪያ የጀልባ ማሰሪያውን በላ፤ ቀጥሎ የመስጊዱን መታጠቢያ በላ፤ ከዚያ የመቃብሩን የፊት ረድፍ። ልጃችን ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ስትቀበር ባሕሩ ከዚያ ሆኖ ድምፁ እንኳን አይሰማም ነበር።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። ድንኳኑ ሥር ተኮልኩለን፣ ዋርሲኒ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየዘረጋች፣ የመረጥነውን ሰው ፎቶ የወጋንበት የምስማር ቀዳዳ እንዲታይ ወደ ብርሃን እያነሳች «ቁጥር ሁለት!» ትላለች፤ ታዛቢዎቹ «ሳህ!» ብለው ያጸድቃሉ። «ቁጥር ሁለት!» «ሳህ!» «ቁጥር ሁለት!» «ሳህ!» ጆሮዬ ሊደነቁር ምንም አልቀረው። ቁጥር አንድንማ መኖሩን ያስታወሰ የለም። መሃል ላይ የሆነ ወረቀት አንስታ «ይሄ ተበላሽቷል» ስትል ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀምጬ ሦስት የሚል ቃል እየጠበቅኩ ነበርና ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅኩም። በመጨረሻ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ቁጥር ሦስት!» አለች። ሁለተኛዋን ጠበቅኩ። ሳጥኑ ተገልብጦ ታየ፤ ባዶ ነው።

አንዲት! ሁለት ሰው ቃል ተገባብቶ አንዲት!

ሐጂ ሩስማን፣ ያ ሆዳም ሹማችን፣ ለቁጥር ሁለት ሰዎች «ከመንደሬ አንዲት ድምፅ አትወጣባችሁም» ብሎ ምሎላቸው ኖሯል። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት፤ ከቆጠራው ያስደሰተኝ እሱ ብቻ ነው። «ይቺን የጣለ ማነው? አልቆጣም፣ ለማወቅ ያህል ነው» አለ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን አዙሮ እኔን አየ። «እኔ ነኝ! ምን ልታመጣ?» ልለው አፌን ስከፍት፣ አንተ ቀድመኸኝ ብድግ።

«የእኔ ናት» አልክ፣ ቆብህን እያስተካከልክ።

ሳቁ! «ታርሙጂ ለሚስቱ ጋሻ ሆነ!» አለ ዓሣ ሻጩ ሱካርጂ። «ኧረ ፈርቷት ነው፣ ማታ እራት እንዳትከለክለው!» አለች አንዷ ከኋላዬ። እኔ ግን ሳቅ አልታየኝም፤ እሳት ነው የታየኝ። ያንተን ድምፅ ለቁጥር ሁለት ሰጥተህ፣ የልጅህን አፈር ሸጠህ፣ ጭራሽ የእኔን ድምፅ በሰው ፊት ስትሰርቀኝ! «ቁጭ በል!» አልኩህ። «አንዷ የእኔ ናት፣ ያንተ የታለች? አውጣና አሳያቸው! ሌባ!» ብዬ ጮኽኩ። ተቀመጥክ።

ቤት ስንገባ ምንጣፍህን ወደ ደጅ ወረወርኩት። አንተ አጎንብሰህ አነሳኸውና «የላስሚ እናት፣ እኔ ሦስትን ነው የመረጥኩት። አንቺም ሦስትን መርጠሻል። ለምን አንድ እንደወጣ አላውቅም» አልክ። ያ ዝግታህ ነው የገደለኝ! ብትጮህ እኮ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው ከሁለታችን አንዳችን ውሸታም ነን፣ እኔ ደግሞ አይደለሁም» አልኩህ። ምንጣፉን በሩ ላይ ትተህ፣ መረብህን ትከሻህ ላይ አደረግክና ሄድክ። አንዱ ጫማህ አሁንም በሩ ሥር አለ። በአንድ ጫማ ሬምባንግ የሚደርስ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ያልተጣላሁት ሰው አለ? ለምርጫው ሲባል ዞር ያለችው መርከብ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። መብራቷን አብርታ፣ እያጓራች፣ ሠርግ የመጣች ይመስል። ዳርቻው ላይ ቆሜ የተሳደብኩትን ስድብ ሐጂ ሩስማን ሰምቶ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አለኝ አሉ። ይንጫጫላ! ሱካርጂን ገበያ ላይ አገኘሁትና «የእናትህን መቃብር ባሕር ወስዶት እንዴት እጅህ ለቁጥር ሁለት ታዘዘልህ?» አልኩት።

«ጣሪያ ቃል ገብተውልናል» አለ፣ ወደ ዓሣው ቅርጫት እያየ።

«ለማን ጣሪያ? ለእናትህ? እሷማ ባሕሩን ተከናንባለች!»

«ሙንቲያህ፣ እኔ ደግሞ ከነነፍሳቸው የሚበሰብሱ ልጆች አሉኝ። ያንቺ ሞታለች፣ ዝናብ አያሳስባትም።»

ቅርጫቱን በእግሬ ገለበጥኩበት። አዎ፣ ገለበጥኩበት፤ ዓሣው ሁሉ ጭቃ ላይ ፈሰሰ። በኋላ አጎንብሼ አብሬው ለቀምኩ። ቤት ገብቼ የእኛ ጣሪያም እንደሚያፈስ አስታወስኩ። በሱካርጂ ይበልጥ የተናደድኩት ያኔ ነው። እውነቱን ከሚናገር ሰው ጋር መጣላት እንዴት አድካሚ ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ቁጭ ብለህ አንብብ።

ከትናንት ወዲያ ቧንቧው ላይ ውኃ ስቀዳ ዋርሲኒ መጣች። ወሬ ሲበዛባት ታውቃታለህ። «እትዬ ሙንቲያህ፣ ያን ዕለት ምን እንዳሳቀን ልንገርዎት? አንዱ ወረቀት ላይ የቁጥር ሁለት ሁለቱም ዐይኖች በምስማር ተጎልጉለዋል! ወግቶ ወግቶ፣ ሰውዬው ዕውር ሆኗል!» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «የሚያሳዝነው ግን» አለች፣ «ቁጥር ሦስትን ደረት ኪሱ ላይ መጀመሪያ በትክክል ወግቶታል። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ድምፁ ይቆጠር ነበር። ከአንድ ሰው በላይ የተወጋበት ወረቀት ይበላሻላ! ይሄኔ ቁጥር ሦስት ሁለት ድምፅ ይኖረው ነበር።»

ባልዲዬ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

«ያቺ የተቆጠረችዋስ?» አልኳት። «እሷማ ንጹሕ ናት፤ የቁጥሩ አናት ላይ ትንሽዬ ቀዳዳ። መረብ የሚጠግን ሰው የወጋት ነው የምትመስለው» አለች። አንዳች ነገር ጠርጥራ ይሁን ወይ እንዲያው አምልጧት አላውቅም። ባልዲዬን አንስቼ፣ ጨርቄ እየተንጠባጠበ፣ ሳልሰናበታት ሄድኩ።

እንግዲህ አውቀኸዋል። አትሳቅ! እየሳቅክ ከሆነ ዐይንህ ይጥፋ! ምስማሩን ስጨብጥ ለሦስት ሰጠሁ፤ ኪሱ ላይ፣ ከልቡ አጠገብ። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ያኛው ከአጠገቡ ጥርሱን አሳይቶ ይስቅብኛል። የመቃብሩን የፊት ረድፍ አሰብኩ። እጄ በራሱ ጊዜ ሄደ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ከዚያች ሰከንድና ከሐጂ ሩስማን ፊት መጥቆር በቀር በዚህ ምርጫ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ደግሞስ ይሄ ምን የሚሉት ሕግ ነው? የወደድኩትን ወደድኩ፣ የጠላሁትን ጠላሁ። የሰው ልብ ውስጥ ሁለቱም የሉም እንዴ? ወረቀቱ የምትወደውን ብቻ ነው የሚጠይቅህ፤ የምትጠላውን የምትነግርበት አንድ ጥግ እንኳን አልተዉልንም። ሰው እንዲህ አፉን ታፍኖ ምስማር እጁ ላይ ይሰጠዋል? ያውም ሹል ምስማር! «አንድ ቀዳዳ ብቻ» ብለው ደጋግመው ተናግረዋል፣ አዎ፤ ማን ሰምቷቸው?

በአንተም ቢሆን ንዴቴ አልበረደም። ሰው ዝም ይላል? «ሌባ» ብዬ ስጮኽብህ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሳቀ፣ ለምን አልተከራከርከኝም? «ምስማሩን እንዴት አድርገሽ ነው የወጋሽው?» ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ከተጋባን ጀምሮ ቁጣዬን ታውቀዋለህ፤ ማድጋ ሲሰበር እንኳን «ማን ነካካው?» ከማለትህ በፊት እኔን ነው የምታየኝ። ያን ቀን ግን አላየኸኝም፤ መሬት መሬቱን ነው ያየኸው። ያ ፊትህ ከፊቴ አልሄደም። ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዛሬ የክሊዎን ዐርብ ዋዜማ፣ ሙታን የሚጎበኙበት ቀን ስለሆነ አበባ ይዤ ወደ ላስሚ ወረድኩ። የታርሙጂ ሚስት ብቻዋን ስትሄድ ሁሉም ከየበሩ ሥር አየኝ። መቃብሩ ላይ የነበረው የካምቦጃ አበባ ዛፍ ወድቋል፤ ሥሩ ወደ ላይ፣ አበባው ውኃ ላይ። ሁለተኛው ረድፍ ግማሹ የለም። ማዕበሉ ሲመለስ እግሬን ነካኝ፤ እኔ ደግሞ የቆምኩት እሷ ራስጌ ነው። አበባውን ስበትንላት ውኃው እያየሁት ወሰደው። ጮኽኩበት። ባሕር ላይ መጮህ ምን ዋጋ አለው? ግን ጮኽኩበት፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ።

ኢማሙ ጨረቃ ሳትሞላ፣ ማዕበሉ ሳይበረታ፣ ወደ ኮረብታው እናንሳት ብለዋል። ቦታ አግኝቻለሁ፤ ከማንጎው ሥር፣ ባሕሩ የማይታይበት። ነጩን ጨርቅም ገዝቻለሁ። መቆፈሩን የሱካርጂ ልጆች እንቆፍራለን ብለዋል፤ ያለ ክፍያ። አባታቸው እንዳዘዛቸው አልነገሩኝም፣ ግን አውቄዋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ የሚቀበላት ግን አባት ነው። «አባቷ ከሌለ አጎት ይወርዳል» አሉኝ ኢማሙ። «አባቷ አለ!» ብዬ በመስጊዱ በር ላይ ጮኽኩባቸው። ኢማም ላይ ጮኽኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ያኔም አንተ ነህ ያስጮኽከኝ።

ስለዚህ ና። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ ለእኔ ብለህማ ለምን ትመጣለህ? ያቺን ልጅ ሌላ ሰው እንዲቀበላት አልፈልግም። ቤቱ ውስጥ ምንጣፍህ ከነበረበት አለ፤ አጥቤዋለሁ፤ በሌላ ምክንያት ሳይሆን ጭቃ ስለነካው ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው እኔ በምተኛበት በኩል ስለሆነ አንተን አይደርስብህም። ጫማህንም ይዘህ ና፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀምጠህ ምን ልትሆን ነው?

የዋርሲኒን ነገር ለማንም አልተነፈስኩም፤ ሆዴ ይፍጀው። ዛሬ ከመቃብሩ ስመለስ ግን ሐጂ ሩስማን ከሰዎቹ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሙንቲያህ!» አለ እየሳቀ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው፤ «ያቺ አንዷ ድምፅሽ መርከቧን ምን አደረገቻት?»

ቆምኩ። እርጥብ እግሬን ደረጃው ላይ አደረግኩና፣ ሌባ ያልኩህን ያህል ጮክ ብዬ፣ «የእኔ አይደለችም» አልኩት። «የባሌ ናት።»

አንድም ሰው አልሳቀም።

አላህ ሳልህን ያንሳልህ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ መረብህን ባዶ አያውጣው። የእህትህን ልጆች ሳምልኝ። ጨረቃዋ ሳትሞላ እጠብቅሃለሁ።

የላስሚ እናት
ሙንቲያህ