ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ሥዕል

ውድ ኦክታቭ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። የሞተ ሰው እንዴት ነህ አይባልም። ግራ ገብቶኛልና ሥርዓቱን ተወው።

ሰሞኑን ከሙዚየሙ ዩሊያ የምትባል ልጅ መጣች። የሥራህን ሁሉ ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጁልህ ነው፤ እዚሁ ክሉዥ ከተማ ለዳቦ ቤቶች ማስታወቂያ ከምትቀባበት ጊዜ ጀምሮ አንትወርፕና ለንደን ስምህን እስካነሱት ድረስ። አብረን የድሮውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደረጃ ወጥተን ስቱዲዮህን ከፈትን። በርሊን ከገባህ ወዲህ ዝር ያልክበት አይመስለኝም ነበር። ሸራው ሁሉ ፊቱን ሰጥቶናል፤ አንዱ ብቻ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«ወይዘሮ ስማራንዳ፣ ይሄ ያለቀ ነው ያላለቀ?» አለችኝ። «ካለቀ መግቢያው ላይ እንሰቅለዋለን። ካላለቀ አናሳየውም። ሚስቱ ነዎት፣ ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል?»

እኔ ምን አውቄ! አንተ እንደሆንክ ሥዕል ሲያልቅልህም ታዞረዋለህ፣ ሲያስጠላህም ታዞረዋለህ። ያለቀውን «ካየሁት እነካካዋለሁ» ትል ነበር። ላስጠላህ ግን ቃል አይወጣህም፤ ኮትህን አንስተህ ውልቅ ነው። ከእኔም ዘንድ የወጣኸው እንደዚያው ነው። ስሙ ሲገዝፍ ቤታችን ጠበበው እያልኩ ስምንት ዓመት ለሰው አወራሁ፤ እውነቱን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አዞርነው። እኔ ነኝ፣ ሽበቴ ሳይቀር። ቢጫ ኮት ለብሼ ፌርማታ ላይ ትራም ስጠብቅ። ኦክታቭ፣ ያን ኮት እኮ የገዛሁት አምና በበረዶው ወራት ነው! የት ሆነህ አየኸኝ? እዚህ ድረስ መጥተህ፣ መንገዱን ተሻግረህ «ስማራ» ማለት አቃተህ? ልደሰት ወይስ ልናደድ? ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝና ልጅቷ ፊት አለቀስኩ።

ለጎረቤታችን ለሳፍታ ነገርኳት። አፏን ታውቀዋለህ።

«አዬ ሞኝት! በኛ አገር ሰው ሲሞት አይደል መስታወትና ሥዕል የሚዞረው? በቁምሽ ቀብሮሽ ነዋ!»

«ከቀበረኝ ሽበቴን ምን ብሎ ይቆጥራል?»

«እሱን አርባው ላይ ጠይቂው» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ እሷም አለቀሰች።

ዛሬ አርባህ ነው። ስንዴውን ቀቅዬ፣ በማር ለውሼ፣ ቄሱ ባርከውት ለሰው አደልኩ። ከዚያ እግሬ ወደ ስቱዲዮህ ወሰደኝ። የኮቱን ቀለም በጣም አወፍረኸዋል። ነካ ባደርገው አውራ ጣቴ ስርግ አለ። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። የጣቴ ምልክት እዚያው ቀረ።

ዩሊያ ስልክ ደወለች። «ምን ወሰኑ?»

«አላለቀም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አልኩና ዘጋሁት።

ሥዕሉን ተሸክሜ ቤት ገባሁ። አርባህ ስለወጣ ፊቱን አዙሬው የነበረውን መስታወት መለስኩት፣ ሥዕሉንም ከጎኑ ሰቀልኩት። አሁን ሁለት አሮጊቶች ያዩኛል፣ የቷ እንደምታውቅህ እንጃ። ቀለሙ እስኪደርቅ ልቀየምህ አልችልም። ሲደርቅ እንነጋገራለን።

ያላለቀችው ሚስትህ፣
ስማራ