በሣጥኑ ውስጥ ለብቻው ስለሚሞቀው ቴርሞስታት

ለተከበሩ አቶ ጀራልድ ፕራውስ
የ«ጥድ በር» የአረጋውያን መኖሪያ አስተዳዳሪ
ተንደር ቤይ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ የሞቀ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ በደረሰው በዚህ የጥር ብርድ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የምጽፈው ከእኔ በር ፊት ለፊት ስለሚኖሩት ስለ አቶ ቶይቮ ላህቲና ሳንባቸውን ስለሚታመሙት ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ አውኔ ነው።

አንደኛ፣ የቤታቸውን ማሞቂያ የሚያበራና የሚያጠፋውን ቴርሞስታት በአዲስ ስለቀየሩላቸው ምስጋናችን የላቀ ነው። አሮጌው ከተሰቀለበት ግድግዳ ጀርባ የሕንፃው ልብስ ማድረቂያ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ እነሱ በሠሩ ቁጥር ግድግዳው ይግላል፣ ቴርሞስታቱም ቤቱ የሞቀ መስሎት ማሞቂያውን ያጠፋል። አዲሱም በዚያው ግድግዳ፣ በዚያው ቀዳዳ ተሰቀለ። አውኔ «ኧረ ልጄ፣ ችግሩ እኮ ግድግዳው ነው» ቢሉት፣ ባለሙያዎ «እማማ፣ የታዘዝኩት ዕቃ ልቀይር እንጂ ቤት ላፈርስ አይደለም» አላቸው።

ሁለተኛ፣ ማንም እንዳይነካካው በፕላስቲክ ሣጥን አስቆልፈው ቁልፉን ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዲግሪ የሚሞቀው እሱ ብቻ ነው፤ አውኔ ራስጌ ያለው መለኪያ አሥራ አንድ ይላል።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪዎ መጥተው «አባባ፣ ይበርድዎታል እንዴ?» ሲሏቸው፣ ቶይቮ ካፖርትና የጸጉር ቆባቸውን እንዳደረጉ «ኧረ ደህና ነን! የባሰበት ስንት አለ» አሉ። እኛ የፊንላንድ ዘሮች እንግዳ ፊት በረደኝ ከማለት ደርቀን ብንገኝ እንመርጣለን፤ በዚህ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። ተቆጣጣሪዎ ግን «ቅሬታ የለም» ብለው መዝገቡን ዘጉ። በሳምንቱ አውኔ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙም ቤቱ ካልሞቀ አላስወጣቸውም ብሏል።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የምሥራች ነው። ማክሰኞ ዕለት ነዋሪዎቹ ተማክረን አንድም ማድረቂያ ሳንነካ ዋልን፤ ለምሳ ስንቀመጥ የአውኔ መኝታ ቤት ሃያ አንድ ገብቶ ነበር። እንግዲህ አውኔ ቤታቸው ገብተው እንዲተነፍሱ ሃያ ስድስት ቤተሰብ እርጥብ ካልሲ አድርጎ ይክረም፣ ወይስ ክቡርነትዎ አራት ሜትር ሽቦ ፈቅደው ቴርሞስታቱ ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ይዛወር? የሚቀልልዎትን ይምረጡ።

ውለታዎ እስከ አጥንቴ ድረስ የሚሰማኝ፣
ባለ እርጥብ ካልሲዋ ተከራይዎ
ሄልቪ ራንታላ፣ ጡረተኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ ይህን መጻፌን ሲሰሙ ቶይቮ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ሰው ልከው ቢያስጠይቋቸው ዛሬም «ደህና ነን» ይላሉ። አውኔን በቃሬዛ ሲያወርዷቸው ለአምቡላንሱ ሠራተኞች ያሉትም ይህንኑ ነበር፤ እባክዎ እሱንም «ቅሬታ የለም» ብለው ይመዝግቡልን።