አንድ ቁልፍ ለመጫን አራት ወር ለፈጀባቸው ኃላፊ

ለክቡር አቶ ባዘዘው
የነባር ይዞታ መዛግብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በጥር ወር ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት ሆቴል ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ሦስት ቀን ሙሉ ሲመክሩ መሰንበትዎን ሰምቻለሁና፣ ከዚያ ድካም ፈጽመው አገግመው ይህን ደብዳቤ ለማንበብ የሚበቃ ጉልበት ይስጥዎ።

መነን ሽመክት እባላለሁ። በቢሮዎ ጥግ ካለው አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ሠላሳ ሦስት ዓመት የተቀመጥኩት ሴት ነኝ። ዋናው መሣሪያ ቁም ሳጥን ያህላል፤ ኋላ ክፍል ተቆልፎበት ይኖራል። እኛ ከእርሱ ጋር የምንነጋገረው አረንጓዴ ፊደል በሚያወጣ ስክሪን፣ ክብደቱ ወፍጮ በሚያህል ኪቦርድና ጠርዝና ጠርዙ በተበሳሳ ወረቀት በሚያትም ፕሪንተር ነው። ከ1983 እስከ 1996 ዓ.ም. በኩልፎ ወንዝ ዳር መሬት የተመሩ ገበሬዎች ስምና ወሰን ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። መዝገቡን ወደ አዲስ ሲስተም የሚያዛውር ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተቋቁሞ ሦስቴም በምስጋና መበተኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ የሁለቱ ሰብሳቢ ነበሩና።

ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራና ፕሪንተሩ ቀይ መብራት ሲያበራ ምን እንደሚደረግ በአሥራ አራት ገጽ በእጄ ጽፌ አስረክቤዎ ነበር። «እማማ መነን፣ ዘመኑ የደብተር አይደለም» ብለው በፈገግታ ተቀበሉኝ። ያንን ጽሑፍ በኋላ የፕሪንተሩ ጠረጴዛ አጭር እግር ሥር ተጣጥፎ አገኘሁት። ጠረጴዛው ስለማይወዛወዝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በእኔ ቦታ ወይዘሪት አቢጋኤልን አስቀመጡ። ጎበዝና ትሑት ልጅ ናት፤ የተማረችው ግን ከአባቷ ዕድሜ በሚበልጥ መሣሪያ ላይ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ሳያሠለጥኗት በጥቅምት 2017 ከስክሪኑ ፊት አስቀመጧት። በሁለተኛው ሳምንት ስም ስትጽፍ ፊደል በማይገባበት ቦታ ላይ ነካች፤ ከስክሪኑ ግርጌ ትንሽ የኤክስ ምልክት ወጣና ኪቦርዱ ተቆለፈ። ደንግጣ ወደ እርስዎ መጣች። «ጠንከር አድርገሽ ምቺው» የሚለውን የሙያ ምክርዎን ሰጧት። አልሠራ ሲል፣ በማግስቱ በሩ ላይ «ማሽኑ ስለሞተ አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በሠራተኞች ስብሰባ ፊትም ገዳይዋን በስም ጠሩ። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ የምትበላው ለብቻዋ እንደነበር ምናልባት አልተነገረዎትም።

3ኛ. ወይዘሮ ፀዳለን ላስተዋውቅዎ። አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ ደጃፍ ቆመዋልና ቢያንስ ነጠላቸውን ሳያውቁት አይቀሩም። ባለቤታቸው አቶ ሀይሌ በ1985 ከኩልፎ ዳር ግማሽ ሄክታር ተመርተው ሙዝ አለሙበት፤ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው መስከረም ጎረቤትየው «ቦዩ ያለበት መሬት የእኔ ነው» ብሎ አጠረው፤ ውኃውም ከእርሳቸው ወገን ተቋረጠ። ፍርድ ቤት የመሬቱን ማስረጃ አምጡ አላቸው፤ ማስረጃው እርስዎ ዘንድ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ማሽኑ ሞቷል። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላለፈ። በኅዳር የሙዙ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ በታኅሣሥ ግንዱ መታጠፍ ጀመረ። እርሳቸውም በየሳምንቱ ከሲቀላ በሚኒባስ ወደ ሴቻ እየወጡ፣ ማስታወቂያውን ሰው አስነብበው ይመለሱ ነበር።

በመጨረሻ ቤቴ መጡ። በአማርኛ ብዙም አይደሉም፤ ነገራቸው ግን ቀጥተኛ ነው። «እትዬ መነን፣ ያ መኪና ሞተ ይላሉ። የሀይሌን ስም የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እውነት ሞተ?» አሉኝ። ከስክሪኑ ታች ምን እንደሚታይ አቢጋኤልን በስልክ ጠየቅኋት። ኤክሱን ስትነግረኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። ለካ ማሽኑ አልታመመም። ኪቦርዱ ስሕተት ሲነካው ራሱን ይቆልፋል፤ በስተግራ ታች ጥግ ሪሴት የሚባል ቁልፍ አለ፤ እርሱን አንዴ መጫን ነው። ከደብተሬ ሁለተኛው ገጽ ላይ በቀይ አስምሬበት ነበር።

4ኛ. ይህንኑ ልነግርዎ በማግስቱ መጣሁ። ዘበኛው «ጡረተኛ ያለ ቀጠሮ አይገባም ተብሏል» አለኝ፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም፣ የታዘዘውን ነው ያለው። ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለተኛ ጻፍኩ። በሦስተኛው በኮሪደር ቆመው አነጋገሩኝ፤ ወንበር ያላቀረቡልኝ እንዳልቆይብዎ አስበው ይሆናል። አንድ ቁልፍ ብቻ ልጫን ብዬ ለመንኩዎ። ቃልዎን እንደወረደ እጽፋለሁ፦ «እማማ፣ ቴክኖሎጂ ዝም ብሎ በመጫን አይስተካከልም። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ጠይቀናል።» የሙዝ ግንድ ባለሙያውን ቆሞ እንደማይጠብቅ ነገርኩዎ። ሰዓትዎን አዩ።

እንግዲህ እርስዎ ሐይቁን እያዩ ስለ ቅልጥፍና በሚመክሩበት በሁለተኛው ቀን፣ አቢጋኤል ደውላ «ይምጡ፤ የሚመጣውን እኔ እችላለሁ» አለችኝ። ከወይዘሮ ፀዳለ ጋር ገባን። አቧራውን በመሐረቤ ጠርጌ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አንዴ ተጫንኩት። ኤክሱ ጠፋ። አቢጋኤል አፏን በእጇ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች፤ «ይኸው ነው?» አለች፤ «ይኸው ነው» አልኳት፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ነገሩ ግን አላለቀም። አቢጋኤልን በቦታዬ አስቀምጬ በላቲን ፊደል ሀይሌ ብላ ብትፈልግ መዝገቡ «የለም» አለ። አንዴ፣ ሁለቴ። ወይዘሮ ፀዳለ የስክሪኑን ፊደል ባያነቡም ፊታችንን አነበቡ፤ ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ዘመን አለቃችን በኤ እና በአይ ፈንታ በኤ እና በዋይ ጻፉ ይለን ነበር። እንደዚያ ሳስጽፋት ወጣ፤ ሀይሌ፣ ግማሽ ሄክታር፣ በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ ቦዩ ራሱ፣ ከነሙሉ ወርዱ። ፕሪንተሩ ቀይ አበራ፤ የወረቀቱ ቀዳዳ ከጥርሱ ወጥቶ ነበርና አስገባነው፣ ክዳኑን ገጠምነው፣ መጮህ ጀመረ። ያን ጩኸት ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠልቼው ነበር። ወይዘሮ ፀዳለ ወረቀቱን ከማሽኑ ሳይለቅ በጣታቸው ዳሰሱትና «የቱ ጋ ነው ስሙ?» አሉ። አቢጋኤል ጣታቸውን ይዛ አስቀመጠችላቸው።

ማኅተም ያዡ አቶ ካሱ «ኃላፊው የሉም» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሴትየዋን አዩ። «ኃላፊው ባይኖሩም ቢሮው ክፍት ነው» ብለው ማኅተሙን መቱበት።

ፍርድ ቤቱ በየካቲት ማስረጃውን ተቀበለ፤ አጥሩ ተነሣ፤ ውኃው ገባ። ስድሳ ሦስት የሙዝ ግንድ ግን አልጠበቀውም። ወይዘሮ ፀዳለ እየነቀሉ አዲስ ችግኝ እየተከሉ ነው፤ በሰባ አንድ ዓመታቸው ፍሬውን እስኪያዩ ዕድሜ ይስጣቸው። እርስዎንም እንደ እርሳቸው መቆፈሪያ ለመያዝ ያብቃዎ።

5ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ፍትሕዎ ነው። ከስብሰባው እንደተመለሱ ለአቢጋኤል «ያልተፈቀደለት ሰው የመንግሥት ንብረት እንዲነካ አድርገሻል» የሚል ደብዳቤ ሰጥተው ለሦስት ወር አገዷት። በዚያው ሳምንት ለበላይ በላኩት ሪፖርት ደግሞ «በጽሕፈት ቤቱ አመራር ያላሰለሰ ጥረት ማሽኑ ተጠግኖ አገልግሎት ጀምሯል» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው፤ እጅዎ አለመንቀጥቀጡን አድንቄያለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ከልጅቷ ፋይል ውስጥ ያንን ወረቀት ያውጡ። ማሽን አልገደለችም። ነክታ ያቆመችው በስሕተት ነው፤ አራት ወር አቁሞ ያቆየው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው አልታገደም።

ለእኔ ወንበር፣ ለወይዘሮ ፀዳለ ወረቀት፣ ለአቢጋኤል አንድ ቀን ሥልጠና ለመስጠት ጊዜ ያጡበት ታላቅ ኃላፊነትዎ እንዲከብድዎ እየተመኘሁ፣

ያልተፈቀደላት ጡረተኛ፣
መነን ሽመክት
ሲቀላ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አቢጋኤልን ጫሞ ዳር ያለ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዝገብ ያዥ አድርጎ ቀጥሯታል፤ ሰኞ ትጀምራለች። ሊቀመንበሩ ሥራ ከመጀመሯ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ እንደሚያሳያት ነገራት፤ ልጅቷም እንዲህ ያለ ነገር በመሥሪያ ቤት ይደረጋል ብላ ስላላሰበች ሁለት ጊዜ አስደግማዋለች። ስለዚህ የሦስት ወር ቅጣትዎ ሲያልቅ የሚመለስልዎ ሰው የለም፤ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ራስዎ ይቀመጡበት።