ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲም

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1965 ዓ.ም.

ባለቤቴ አስካለ ሳትነግረኝ የወርቅ ሳንቲሜን ወስዳ አበላሸችው። የጃንሆይ መልክ ያለበት መታሰቢያ ነበር፤ ለመገበያያ ሳይሆን ለሰብሳቢ ተብሎ የተሠራ። እኔ እንኳ በጣቴ ነክቼው አላውቅም። ጣት ያረፈበትን ሰብሳቢ አይፈልገውም።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ ካዝናዬን ስከፍት የሳንቲሙ ሳጥን ባዶ ሆነብኝ። ጎረቤቴ አንጥረኛው ሙዘይን ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለእትዬ የበየድኩት ማንጠልጠያ አማረልዎት? በሎሚም አሽቼዋለሁ፤ ለሙሽራ አይደል» አለኝ። ሱቁን ዘግቼ በራጉኤል በኩል እየተጣደፍኩ ቤት ገባሁ። ሳንቲሙን ላስመልስ፣ አስካለንም ሰው ፊት ላዋርዳት ቆርጬ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ልጄን የሚያገባው ሙሽራ ቤተሰቦች ተቀምጠዋል። ሳንቲሙ የልጄ የአልማዝ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። የሙሽራው እናት፣ «አባቷ ናቸው የሰጧት አሉን። እንዲህ ያለ ወርቅ መርካቶ ውስጥም አላየሁ። እውነት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

አስካለ መሬት መሬት ታያለች። አልማዝ ፊቴን አይታ ሳንቲሙን በመዳፏ ጨበጠችው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ፊት ስዋሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ አስካለ፣ «ይናገሩኝ እንጂ፤ በሆድዎ አይያዙት» አለች። ይቅር አላልኳትም፣ አልወቅሳትምም። ስለዚያ ሳንቲም ከእንግዲህ ለማንም ትንፍሽ አልልም።